የተፈጥሮና የዱር እንስሳት ገለጻ ለገጠር ቤተ መጻሕፍት፦ በቀጥታ ቪዲዮ፣ በፍላሽ ወይስ በስልክ?

ደብረ ብርሃን ላይ አንድ ባለሙያ ስለ ቀይ ቀበሮ ገለጻ ያደርጋል። አዳራሹ ይሞላል፣ ጥያቄ ይዘንባል፣ ሁሉም ተደስቶ ይበተናል። መሐል ሜዳ ያለው ቤተ መጻሕፍት ግን አልሰማም። አንኮበርም አልሰማም፣ ሸዋ ሮቢትም፣ ከጀማ ማዶ ያለው ዓለም ከተማም። የሚገርመው ቀይ ቀበሮው የሚኖረው ደብረ ብርሃን አይደለም። ከመሐል ሜዳ ወጣ ብሎ፣ ጓሳ በሚባለው ሣራማ ደጋ ላይ ነው።

ይሄን ክፍተት በቪዲዮ መሙላት ይቻላል። አንዱ ቤተ መጻሕፍት ያዘጋጀውን ገለጻ ሌላው ይካፈላል፤ ዛሬ ከእናንተ፣ በሚቀጥለው ከእኛ። ችግሩ «በቪዲዮ» ሲባል ብዙው ሰው ቀጥ ብሎ ዙም ላይ መሄዱ ነው። ሊንክ ይላካል፣ ሰው ይጠራል፣ ወንበር ይደረደራል፤ ከዚያ ስክሪኑ ላይ ክብ ነገር መሽከርከር ይጀምራል። ሃያ ደቂቃ ክብ ነገር ሲሽከረከር ያየ ገበሬ ሁለተኛ አይመጣም።

ስለዚህ ያሉትን አማራጮች እያነጻጸርን እንያቸው። ፍርዴን ቀድሜ ልናገር፦ በሰሜን ሸዋ ለአብዛኛው ቤተ መጻሕፍት የሚሻለው ምስሉ በፍላሽ መጥቶ ጥያቄው በስልክ ሲሄድ ነው። ቀጥታ ስርጭትም ቦታ አለው፤ ቦታው ግን ጠባብ ነው።

መጀመሪያ የቤታችሁን አቅም እወቁ

ከመምረጣችሁ በፊት መብራቱን፣ ኔትወርኩንና የሚመጣውን ሰው አስቡ።

ፕሮጀክተር ብዙ ጊዜ ከ200 እስከ 300 ዋት ይፈልጋል። 32 ኢንች ኤልኢዲ ቴሌቪዥን ግን 50 ዋት አካባቢ ይበቃዋል። ልዩነቱ የሚታየው መብራት ሲጠፋ ነው። ቴሌቪዥኑን መለስተኛ ሶላር ከነባትሪውና ከኢንቨርተሩ ይሸከመዋል። ፕሮጀክተሩ ጄኔሬተር ይጠይቃል፤ ጄኔሬተሩ ነዳጅ ይጠይቃል፤ ነዳጁ ደግሞ የግዢ ደብዳቤ ይጠይቃል። የሚመጣው ሰው ሃያ፣ ሠላሳ ከሆነ ቴሌቪዥን ላይ ቆዩ።

ኔትወርክን በተመለከተ «እዚህ እኮ ኔት አለ» የሚለውን አትመኑ። ገለጻው ቅዳሜ ከሰዓት ከሆነ ሙከራውም ቅዳሜ ከሰዓት ይሁን። በገበያ ቀን ሰው ሁሉ ስልኩን ይዞ ከተማ ይወጣል። ማክሰኞ ጠዋት ያያችሁት ፍጥነት ያን ቀን የለም። ኢትዮ ቴሌኮምም ሳፋሪኮምም የሚደርስበት ከተማ ከሆናችሁ የሁለቱንም ሲም ያዙ። አንዱ ሲደክም ሌላው ያነሳዋል።

ከሁለቱም የሚብሰው ታዳሚው ማን ነው የሚለው ነው። ለተማሪ ብቻ ከሆነ ቅዳሜም ይሆናል። ገበሬውና እረኛው እንዲመጡ ከፈለጋችሁ ግን ሥራ የማይሠራበትን ቀን ያዙ፦ በወሩ 12 ሚካኤል፣ 21 ማርያም፣ 27 መድኃኔ ዓለም። ያን ቀን ሞፈር አይነሳም። ሰው ከቤተ ክርስቲያን መልስ ከሰዓቱን የሚያሳልፍበት ቦታ ይፈልጋል። ወደ ሸዋ ሮቢትና አልዩ አምባ ወገን ደግሞ አርብን የጁምዓ ሰላት ካለቀ በኋላ አድርጉት። አሁን ልብ በሉ፤ የበዓሉ ቀን አንዴ ሰኞ፣ አንዴ ሐሙስ ላይ ይውላል። አዲስ አበባ ቢሮ ውስጥ ያለን ባለሙያ «ሐሙስ ሚካኤል ስለሆነ ከሰዓት ቀጥታ ግባልን» ማለት ራስ ምታት ነው። ለፍላሽ ግን ሁሉም ቀን አንድ ነው።

ቀጥታ ቪዲዮ

ጥሩ ጎኑን አልክድም። ሰው ባለሙያውን በዓይኑ ያያል። እጁን አውጥቶ ይጠይቃል፣ በስሙ ተጠርቶ ይመለስለታል። አምስት ከተማ ያሉ ሰዎች በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ላይ ሲስቁ መስማት ደስ ይላል። ከተሳካ ማለቴ ነው።

ብዙ ሰው የሚያውቀው ዙምን ነው። ነፃው አካውንት እስከ 100 ተሳታፊ ይቀበላል። አንድ ቤተ መጻሕፍት አንድ ተሳታፊ ሆኖ ስለሚቆጠር በዚህ በኩል ችግር የለም። ችግሩ 40 ደቂቃ ሲሞላ መቁረጡ ነው። በእኛ አጀማመር ሰላምታውና «ይሰማል? አሁንስ ይሰማል?» የሚለው ብቻ ሩቡን ይበላዋል። ባለሙያው ወደ ዋናው ነገር ሲገባ ሰዓቱ ያልቃል።

ዳታውን ደግሞ አስሉት። የዙም የቡድን ስብሰባ እንደ ምስሉ ጥራት በሰዓት ከ800 ሜጋባይት እስከ 2 ጊጋባይትና ከዚያ በላይ ይወስዳል። ይሄ ለአንድ ቤተ መጻሕፍት ነው። አምስት ከሆናችሁ አምስታችሁም ትከፍላላችሁ። ድምፅ ብቻ ከሆነ ግን አንድ ሙሉ ሰዓት 50 ሜጋባይት አይሞላም። ይቺን ቁጥር ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

የዱር እንስሳት ገለጻ ሲሆን ዙም ሁለት የራሱ ጣጣ አለው። መጀመሪያ ድምፁ። ዙም የሰው ንግግር ያልሆነውን ሁሉ ጫጫታ ነው ብሎ ያጠፋል። ለቢሮ ስብሰባ ግሩም ነው። የጋጋኖን ጩኸት ላሰማ ስትሉ ግን ወፏን ያፍናታል፤ ታዳሚው የባለሙያውን ከንፈር እያየ ዝምታ ይሰማል። ተናጋሪው ቀድሞ ሴቲንግ ውስጥ ገብቶ «ኦሪጅናል ሳውንድ» የሚለውን ማብራት አለበት። ሁለተኛው ምስሉ ነው። ስክሪን ሼር የተሰናዳው ለስላይድና ለጽሑፍ ነው። ጭላዳ ገደል ላይ ሲሯሯጥ ስታሳዩ እየዘለለ የሚቀያየር ፎቶ ሆኖ ይደርሳል። ሼር ስታደርጉ ድምፅ የሚያጋራውንና ለቪዲዮ የሚያመቻቸውን ሁለት ምልክቶች አብሩ። ይረዳል፤ ዳታውንም ይጨምራል።

ጉግል ሚት በነፃ ለቡድን 60 ደቂቃ ይሰጣል። በዚህች ሃያ ደቂቃ ብቻ ከዙም አስበልጠዋለሁ። ሌላው ያው ነው።

ዩቲዩብ ላይቭ ለትልቅ ዝግጅት ካልሆነ አልመክረውም። ከስልክ ለማስተላለፍ ቻናላችሁ ቢያንስ 50 ሰብስክራይበር ይፈልጋል። መጀመሪያ ጊዜ ስትከፍቱት ፈቃዱ እስኪመጣ እስከ 24 ሰዓት ሊቆይ ይችላል፤ ስለዚህ በዕለቱ ጠዋት የሚጀመር ነገር አይደለም። ተመልካቹ ጥራቱን ወደ 240 ወይም 144 አውርዶ ዳታ መቆጠብ መቻሉ ጥሩ ነው። ግን ምስሉ ዘግይቶ ይደርሳል። ጥያቄያችሁ ሲደርሰው ባለሙያው ሌላ ነገር ውስጥ ገብቷል።

ከቀጥታዎቹ ሁሉ ለእኛ የሚቀርበው ቴሌግራም ነው። ማንም አዲስ ነገር መማር የለበትም፤ የቤተ መጻሕፍቱ ዘበኛ ሳይቀር አለው። አንድ ግሩፕ ከፍታችሁ ማስታወቂያውንም፣ ቪዲዮውንም፣ ጥያቄውንም እዚያው ታደርጋላችሁ። እዚያው ላይ ቀጥታ መግባት ይቻላል፣ 40 ደቂቃ ላይ የሚቆርጥ የለም። ኔቱ ሲደክም ካሜራውን አጥፍቶ በድምፅ ብቻ መቀጠል ይቻላል። አንድ ፋይል እስከ 2 ጊጋባይት ስለሚቀበልም ቀረጻውን በኋላ እዚያው ትጭናላችሁ።

ፍላሽ

ፍላሽ ሲባል «ኋላ ቀር ነው» የሚል አይጠፋም። ይበል። ፍላሽ ኔት አይጠይቅም። መብራት ቢጠፋ ቪዲዮው በማግስቱ እዚያው አለ። ምስሉ ደግሞ ጥርት ያለ ነው። አንኮበር ሴሪን የምትባለዋን ትንሽ ወፍ አስቡ። ለሳይንስ የተዋወቀችው በ1979 እ.ኤ.አ. ነው፤ ስሟንም ያገኘችው ከዚሁ ከእኛው አንኮበር ነው። ቡናማ፣ ዝንጉርጉር፣ ከድንጋዩ የማትለይ ወፍ ናት። በተንቀጠቀጠ የዙም ምስል አፈር ታያላችሁ እንጂ ወፍ አታዩም። በፍላሽ በመጣ ቪዲዮ ደረቷ ላይ ያለውን ዝርዝር ትቆጥራላችሁ።

አንድ የ45 ደቂቃ ገለጻ በ720 ጥራት በደንብ ከተጨመቀ 700 ሜጋባይት አካባቢ ነው። 8 ጊጋ ፍላሽ አሥር ያህል ገለጻ ይይዛል ማለት ይቻላል።

እዚህ ላይ ሰው የሚሰናከልባቸው ነገሮች ስላሉ ትንሽ ልቆይ። ቆየት ያሉ ቴሌቪዥኖች ብዙ ጊዜ የሚያነቡት ፋት32 በሚባለው አሠራር ፎርማት የተደረገ ፍላሽ ነው። ፋት32 ደግሞ ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ አንድ ፋይል አይቀበልም። ስልኩ በ4ኬ የቀዳውን እንዳለ ልገልብጥ ብትሉ እምቢ ይላችኋል። ፍላሹ ውስጥ ቦታ እያለ «ቦታ የለም» ሲል ሰው ፍላሹ የተበላሸ ይመስለዋል። ቪዲዮውን ሁለት ቦታ ቁረጡት ወይም ጨምቁት። ሌላው፣ አዳዲስ ስልኮች ብዙ ጊዜ ኤች 265 በሚባለው ይቀዳሉ፤ አሮጌ ቴሌቪዥን ይሄን አያውቀውም። ድምፁ ይሰማል፣ ስክሪኑ ጥቁር ይሆናል። ሃንድብሬክ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ወደ ኤምፒ4፣ ኤች 264 ቀይሩትና ከዚህ ሁሉ ትገላገላላችሁ።

ቫይረሱንስ? ፎልደሩን ሁሉ ሾርትከት የሚያደርገውን ታውቁታላችሁ። የገለጻው ፍላሽ ለገለጻ ብቻ ይሁን። ፎቶ ኮፒ ቤት አይግባ፣ የደመወዝ ፔሮል አይገልበጥበት። ከተቻለ ከኮምፒውተር ሳይሆን በቀጥታ ቴሌቪዥኑ ላይ ሰክታችሁ አጫውቱ።

አላላኩ እንደምታውቁት ነው። ፖስታ ውስጥ ይገባል፣ የተቀባዩ ስምና ስልክ ይጻፍበታል፣ ለአውቶብስ ረዳት ይሰጣል። ወይ ዞን ስብሰባ የመጣ ሠራተኛ ሲመለስ ይይዘዋል። ቅጂ ሳታስቀሩ አትላኩ። መንገድ ሲዘጋ ሳምንትም ወርም ይቆይ ይሆናል፤ የቀበሮ ገለጻ ደግሞ አይሻግትም። ኔት ያለበት ከተማ ከሆናችሁ ፍላሹም መሄድ የለበትም፦ የሌሊት ጥቅል ገዝታችሁ ሰው ሲተኛ ከቴሌግራም አውርዱት። ቀን የማይወርደው ሌሊት ይወርዳል።

እንግዲህ ጉድለቱ። ቪዲዮ ብቻ ከሆነ ገለጻው ፊልም ይሆናል። ልጆቹ ያያሉ፣ ያጨበጭባሉ፣ ይወጣሉ። ማንም ማንንም አልጠየቀም። ሽማግሌዎቹ ደግሞ መሐል ላይ ተነስተው ይሄዳሉ። እውነታቸውን ነው፤ የማይጠየቅ ሰው ምን ሊያዳምጥ ይቀመጣል?

ፍላሽ ከስልክ ጋር

አሁን ያቺን 50 ሜጋባይት አምጧት። ዳታና ካርድ የሚያስፈልገው ለምስሉ አይደለም። ምስሉ ቀድሞ መምጣት ይችላል። ቀድሞ ሊመጣ የማይችለው ጥያቄው ነው። ስለዚህ ያላችሁን ኔትወርክ ለጥያቄው ብቻ አውሉት። ተራ የስልክ ጥሪም ይበቃል፤ ዳታ ጨርሶ በሌለበት ቦታ እንኳ ጥሪ የሚሠራበት ጊዜ ብዙ ነው።

አንድ ፕሮግራም እንዴት እንደሚሄድ ላሳያችሁ። መሐል ሜዳ፣ ርዕሱ የጓሳ ቀይ ቀበሮ። ቪዲዮው ሲቀዳ ባለሙያው ሦስት ቦታ ላይ እንዲያቆም ተነግሮታል። «እዚህ ጋ ቪዲዮውን አቁሙና ተነጋገሩ» ይላል። የመጀመሪያው ማቆሚያ ይሄ ነው፦ ቀይ ቀበሮ በሚግጡ ጭላዶች መሐል ቀስ ብሎ ይራመዳል። ጭላዶቹ አይሸሹም። እሱም ግልገሎቻቸውን አይነካም። ቪዲዮው ይቆማል። አስተባባሪው «ለምን ይመስላችኋል?» ብሎ ይጠይቃል።

እዚህ ላይ ዝም ብሎ የሚቀር የመንዝ እረኛ የለም። አንዱ ተላምደው ነው ይላል፣ ሌላው ቀበሮው ጠግቦ ነው ይላል፣ ሦስተኛው አይጥ ፍለጋ ነው ይላል። ከዚያ ስልኩ ይደወላል። ባለሙያው በስፒከር ይሰማል። እዚያው ጓሳ ላይ ተጠንቶ በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣውን ይነግራቸዋል፦ ቀበሮው ብቻውን ሲያድን ከአራት ሙከራ አንዱ ብቻ፣ ማለትም 25 በመቶው ይሳካለታል። ጭላዶች መሐል ሲሆን ግን 67 በመቶ ይደርሳል። የሚግጠው መንጋ አይጦቹን ከጉድጓዳቸው እያስወጣለት ወይም እያዘናጋለት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ግልገል ነክቶ መንጋውን ማስደንገጥ አያዋጣውም። ሦስተኛው እረኛ ያን ቀን ቤቱ የሚገባው ደረቱን ነፍቶ ነው።

ሁለተኛው ማቆሚያ በሽታ ላይ ይሁን። በዓለም ላይ ያለው ቀይ ቀበሮ 500 ገደማ ነው ይባላል፤ ሁሉም ኢትዮጵያ ውስጥ ነው። ትልቁ ጠላቱ ጥይት አይደለም። ከቤት ውሻ የሚተላለፍበት የእብድ ውሻ በሽታና የውሻ ዲስቴምፐር ነው። እዚህ ላይ ጥያቄው ወዲያው ወደ ቤት ይገባል፦ «ውሻዬን የት ላስከትብ? ክትባቱስ መቼ ይመጣል?» ይሄንን ቪዲዮ አይመልስም። ስልክ ላይ ያለው ባለሙያም ብቻውን አይመልስም። የወረዳውን የእንስሳት ሐኪም ክፍሉ ውስጥ አስቀምጡት።

ሦስተኛው ማቆሚያ ላይ ባለሙያው ጠያቂ ይሁን። ጓሳን ለዘመናት የጠበቀው ቄሮ የሚባለው የአካባቢው ባህላዊ ሥርዓት ነው፤ ሳሩ መቼ እንደሚከለከልና መቼ እንደሚከፈት የሚወሰንበት። ሳሩ አንዳንዴ ከ3 እስከ 5 ዓመት ተከልክሎ ይቆይ ነበር፤ ሥርዓቱ እስከ 1967ቱ የመሬት አዋጅ ዘልቋል። ያንን ዘመን የሚያስታውሱ አባቶች ዛሬም አሉ። ባለሙያው በስላይድ የሚያሳየውን ሣር እነሱ ገሳ አድርገው ለብሰውታል። «አባባ፣ ሳሩ ሲከፈት ቀኑን ማን ነበር የሚወስነው?» ብሎ በስልክ ይጠይቅ። መልሱን ቅዱት። እሱ ቅጂ ደግሞ በሚቀጥለው ፍላሽ ወደ አንኮበር ይሂድ። ከየትም የማይገኝ ገለጻ ማለት ይሄ ነው።

ቴክኒኩ ቀላል ነው። ስልኩን ብሉቱዝ ስፒከር ላይ አገናኙት ወይም በገመድ። የስልኩ የራሱ ስፒከር ለክፍል አይበቃም። ጠያቂው ወደ ስልኩ ይምጣ እንጂ ስልኩ በሰው መሐል አይዙር፤ እየዞረ እጅ ሲነካው ጥሪው ይዘጋል። ሁለት ሦስት ቤተ መጻሕፍት በአንድ ሰዓት ካያችሁ ባለሙያው በኮንፈረንስ ጥሪ ያገናኛችሁ፤ ዳታ ካለ ደግሞ በቴሌግራም ድምፅ። የማይናገረው ወገን ማይኩን ይዝጋ።

ጥሪውም ጭምር ካልሠራ? ጥያቄዎቹን ወረቀት ላይ ጻፉ፣ ኔት ሲመጣ ፎቶ አንስታችሁ ላኩ፣ ባለሙያው በቴሌግራም የድምፅ መልእክት ይመልስ። በሚቀጥለው ፕሮግራም መጀመሪያ ላይ አሰሙት። ጠያቂው መልሱን ሊሰማ ይመጣል፤ ሁለት ሰው አስከትሎ።

በአካል ማምጣትስ?

ከሁሉም ይበልጣል። አበሉና መኪናው ከተገኘ አታመንቱ። ግን አንድ ባለሙያ በአንድ ቀን አንድ ቦታ ነው የሚገኘው። የመጣ ቀን ቅዱት፣ ለሌሎቹ ቤተ መጻሕፍት ፍላሽ ይሆናል።

ክፍሉን አትርሱ

የትኛውንም ብትመርጡ ድምፅ ከምስል ይቀድማል። ምስሉ ቢደበዝዝ ሰው ይታገሳል፤ ድምፁ ካልተሰማ ይነሳል። ሐምሌና ነሐሴ ተማሪው ነፃ ስለሆነ ብዙ ቤተ መጻሕፍት ፕሮግራሙን እዚያ ላይ ያደርጋል። ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ የክረምት ዝናብ ሲወርድ ግን ዙምም ፍላሽም አንድ ነው፤ ምንም አይሰማም። ፍላሽ ቢያንስ ዝናቡ እስኪያባራ ይቆምላችኋል። ኮርኒስ ከሌላችሁ ከጥቅምት እስከ ግንቦት ያለውን ጊዜ ምረጡ። ለፕሮጀክተር መስኮቱን ማጨለም ካስፈለገ መጋረጃ ግዢ አትጠብቁ፦ አንድ የመንዝ ባና ከየትኛውም መጋረጃ ይበልጣል። በጥቅምትና በኅዳር ውርጭ ደግሞ ፕሮግራሙ ሲያልቅ ወርዶ ትከሻ ላይ ይደረባል።

የትኛው ለማን ይሁን?

ደብረ ብርሃን ላይ ያላችሁ አስተናጋጅ ሁኑ። ዩኒቨርሲቲው እዚያው ነው፣ ኔቱም ከሌላው ይሻላል፣ ከየአቅጣጫው የሚመጣው አውቶብስም እናንተ ጋ ይቆማል። ሥራችሁ መቅዳት፣ መጭመቅና ማከፋፈል ነው። ቀጥታ መግባት የምትችሉ እናንተ ብቻ ከሆናችሁ ግን ቀጥታ አትግቡ፤ ሌላውን ተመልካች እንኳ አላደረጋችሁትም።

መሐል ሜዳና ሞላሌ ፍላሽ ከስልክ ጋር። በዚያ ላይ እናንተ ጋ ያለው ዕውቀት ወደ ውጭ መሄድ አለበት። የጓሳ ጥበቃ ሠራተኛ በስልኩ የቀዳው የአሥር ደቂቃ ቪዲዮ ከብዙ ስላይድ ይሻላል። አንድ ነገር ብቻ፦ የቀበሮ ጉድጓድ የት እንዳለ በቪዲዮው ላይ አይነገር፣ አይታይ። ቡችሎች የሚወለዱት ከመስከረም መጨረሻ እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ ስለሆነ በተለይ ያኔ የሚቀዳው ላይ ተጠንቀቁ።

አንኮበርና ደብረ ሲና ወፍ ዋሻ ደን አጠገባችሁ ነው። ጽዱ፣ ዝግባው፣ ወይራው እዚያው ስላለ ቪዲዮውን አሳጥሩትና ቀሪውን ሰዓት ተማሪውን ይዛችሁ ውጡ። ለእናንተ 20 ደቂቃ ፍላሽ በቂ ነው።

ሸዋ ሮቢትና ቆላው ወገን የተለየ ነው። ለቆላ ልጅ 3,200 ሜትር ላይ የሚኖር ቀበሮ የሌላ አገር እንስሳ ያህል ነው፤ የሱ ጭንቀት ማሳውን የሚያርሰው ከርከሮ ነው። የደጋውን ቪዲዮ ላኩለት፣ ግን የሱንም ተቀበሉ። መንዝ ላይ ያለ ሰው ስለ ከርከሮ ሲሰማ የሚጠይቀውን ጥያቄ አስቡት፤ እሱም ገብሱን ከጭላዳ ሲጠብቅ የሚውል ነው።

ዓለም ከተማና ከጀማ ማዶ ያላችሁ፣ መንገዱ ዙሪያ ስለሆነ በፍላሹ ምልልስ አትታሰሩ። አንዴ ስትመጡ አምስት ስድስት ገለጻ በአንድ ላይ ገልብጣችሁ ሂዱ። ባለሙያዎቹን ግን በየተራ፣ በየወሩ፣ በስልክ አግኟቸው።

ለሁላችሁም፦ እንግሊዝኛ የሞላበት ስላይድ አትቀበሉ፤ ባለሙያው እንዲያስተካክለው ጠይቁት፣ አያስቀይመውም። ከኢንተርኔት የወረደ የሰው ፊልም በገለጻ ስም አታሳዩ። ልጆች ሲጠይቁ የምትቀዱ ከሆነ ወላጆቻቸውን አስፈቅዱ።

ቀጥታን የምመርጥበት ጊዜ

አለ። ተናጋሪው ውጭ አገር ሆኖ ጊዜ የሚኖረው ያን አንድ ቀን ብቻ ከሆነ። ወይም ሁለት ቤተ መጻሕፍት ብቻ ሆናችሁ የሁለታችሁም ኔት በዚያው ቀን፣ በዚያው ሰዓት ተሞክሮ ሠርቶ ከሆነ። ወይም ተማሪዎቻችሁ ከሌላ ከተማ ተማሪዎች ጋር ፊት ለፊት እንዲተያዩ ከፈለጋችሁ፤ ለዚህ ፍላሽ አይሆንም።

ያኔ ሰዓቱን በሁለቱም አቆጣጠር ጻፉ። የዙም ግብዣ 3:00 ፒኤም ሲል የእኛ ከቀኑ 9 ሰዓት ነው። ግብዣውን ያየ አንዱ 3 ሰዓት ጠዋት መጥቶ በር ላይ ይቆማል። ቀኑንም እንዲሁ፤ ጥቅምት 12 እና ኦክቶበር 12 አንድ ቀን አይደሉም። የተናጋሪውን ቪዲዮዎች ግን በቀጥታው ላይ አትጠብቁ፤ ቀደም ብሎ በቴሌግራም ይላክና ሁሉም ቤተ መጻሕፍት በየራሱ ቴሌቪዥን ያጫውተው። በቀጥታው ላይ ፊቱና ድምፁ ብቻ ይምጣ። አንድ ሰው ደግሞ ሥራው መቅዳት ብቻ ይሁን። ጥሪ እንዳያቋርጠው ስልኩን ኤርፕሌን ሞድ ላይ አድርጎ፣ ቻርጀር ሰክቶ፣ ከስፒከሩ ፊት ለፊት ይቀመጥ። ማታውኑ ፋይሉን ይጨምቀውና ኔት ላልደረሳቸው በሚቀጥለው አውቶብስ ይላክ።